የመጨረሻዋ ስቴላ

ኤርሜቴ ጊራንዴሊ በራሱ ፋብሪካ ምድር ቤት፣ የጦር መሣሪያ በሚሞከርበት ረጅም ዋሻ ውስጥ፣ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ደረቱ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ዙሪያ ሸሚዙ ጥላሸት መስሏል። ከሬሳው ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የዋልነት እንጨት ሣጥን ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። በውስጡ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ተኝታለች። ታጥባለች፣ ተወልውላለች፣ እንደ ሙሽራ አምራለች።

“ሰው ገድሎ የሮጠ አውቃለሁ” አለ ሳጅን ቶኖሊ። “ሰው ገድሎ ዕቃ አጥቦ የሄደ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቴ ብታገኘው እኔን ትፈታ ነበር።”

ኢንስፔክተር ኦርኔላ ፕሌባኒ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ሽጉጧን አሸተተች። ሳሙና ሸተታት። በጓንቷ ጣት ጥይት የሚጎርሰውን ከበሮ ስታሽከረክር ከአንዱ ብሎን ሥር የውሃ ጠብታ ወጣችና የሣጥኑ ቀይ ከፈይ ላይ ተንጠባጠበች።

“የገደለችው ይቺ ናት” አለች። “ማንቆርቆሪያውን ተመልከት።”

የኤሌክትሪኩ ማንቆርቆሪያ ባዶውን ተደፍቶ፣ አጠገቡ የሽጉጥ በርሜል መጥረጊያ ብሩሽ ታጥቦ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ኦርኔላ የዚህ የጣሊያን ጠመንጃ ሠሪዎች ሸለቆ ልጅ ናት፤ አባቷም አያቷም እዚሁ ጋርዶኔ የጠመንጃ በርሜል ሲሰረስሩ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ጥቁር ባሩድ የተተኮሰበት ብረት ሳይታጠብ ካደረ ጠዋት ዝገት አብቅሎ እንደሚገኝ ለማወቅ ፖሊስ መሆን አላስፈለጋትም። ውሃ ማፍላት፣ መፈተግ፣ ማድረቅ፣ መቀባት። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ያ ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ሽጉጥ አጥቧል።

ሰው ሲሸሽ ሁሉም አንድ ነው፤ ሳይሸሽ የሠራው ነገር ግን ማንነቱን ይናገራል።

የሽጉጧ ቁጥር 9116 ነው። ከእሷ በኋላ ሌላ የለም። ፋብሪካው ስቴላ ብሎ የሰየማት ይቺ ሥሪት እንደ ጥንቱ ባሩድና ድብልብል እርሳስ ከፊት የምትጎርስ፣ ብረቷና ማነጣጠሪያዋ ግን የዚህ ዘመን የሆነች ሽጉጥ ናት። አርባ ዓመት ከተሠራች በኋላ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ኤርሜቴ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የስቴላ ሥራ ይቆማል አለ። ዓርብ ዕለት የመጨረሻዋ ተገጠመች። ሰኞ ማታ ባለቤቷ ሞተ።

*

ሬሳውን ማክሰኞ ጠዋት ያገኘው ባቲስታ ሳሌሪ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የስቴላን ብልቶች በሞረድ እያስተካከለ የገጠመ፣ ለሙያው ክብር ፋብሪካው ሁሉ “ማስትሮ” የሚለው፣ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ።

“ትናንት እስከ ስንት ሰዓት እዚህ ነበሩ፣ ማስትሮ?”

“ለአንድ ሰዓት ሃያ ጉዳይ እስኪሆን።”

“ምን ሲሠሩ?”

“ዕቃዬን ሳሽግ። ሥራ የሌለው ሰው ዕቃውን ያሽጋል።”

“ኤርሜቴ የሞተው ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ነው። እርስዎ ልክ ከዋሻው በላይ ባለው ፎቅ ነበሩ። ተኩስ አልሰሙም?”

ባቲስታ እንደ ሞኝ አያት። “የፕሌባኒ ልጅ፣ እዚህ አገር ተኩስ ሰማህ ወይ ብሎ መጠየቅ ዓሣን ረጠብክ ወይ ማለት ነው። ደግሞ ግራ ጆሮዬ ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው፤ ቀኙም ቀብሩ ላይ ቆሟል።”

“ዓርብ ዕለት ‘እጅህ ይድረቅ’ ብለውታል።”

“ብዬዋለሁ።”

“ለምን?”

“እሱ ቀድሞ እጅህ አርጅቷል አለኝ። በሠላሳ ሰው ፊት።” ሽማግሌው እጆቹን አገላብጦ አያቸው፤ ጥፍሮቹ ሥር የብረት ዱቄት ሰፍሯል። “ሁለት ዓመት ሙሉ ከገዢዎች ደብዳቤ ይመጣል። ስቴላ ትስታለች ይላሉ። በርሜሉን ከሌላ ቦታ ማስመጣት ጀምረናል፣ እሱን እዩ አልኩ። በርሜሉ ደህና ነው፣ እያንዳንዷ ተተኩሳ ስድስቱንም አግብታ ነው የወጣችው፣ የኢላማ ወረቀቷ አለ አሉኝ። እንግዲህ በርሜሉ ደህና ከሆነ፣ ተኳሹም ደህና ከሆነ፣ የቀረው የኔ እጅ ነው።”

“ስለዚህ ስቴላ የቆመችው በእርስዎ ምክንያት ነው ተባለ።”

“አልተባለም። ሁሉም ግን እንደዚያ አየኝ።”

*

ዐቃቤ ሕጉ ዶክተር ስካልቪኒ ከብሬሻ ደወለ። ሲናገር የሆነ ነገር ያላምጥ ነበር።

“ሽማግሌው ነው።”

“ገና አምስት ሰዓት እንኳ አልሆነም፣ ዶክተር።”

“ምክንያት አለው። ሕንፃው ውስጥ ነበር። ሽጉጧን የሚያጥበው የሚወዳት ሰው ነው፤ ከእሱ በላይ የሚወዳት ማን አለ? የባለሙያዎቹን ሪፖርት አንብበሽዋል?”

አንብባዋለች። ከዋሻው ጫፍ ካለው የአሸዋ ቁልል ውስጥ አምስት አዲስ የእርሳስ ድብልብሎች ወጥተዋል። ሁለቱ ብቻ ኢላማ በሚሰቀልበት ፍሬም መሀል አልፈዋል። ሦስቱ የእንጨቱን ፍሬም ቦጭቀውታል። ስድስተኛው ኤርሜቴ ደረት ውስጥ ነበር። የተተኮሰበት ወረቀት ግን የለም።

“ጀማሪ ነው የተኮሰው” አለ ስካልቪኒ። “ባቲስታ ሳሌሪ ዕድሜውን ሙሉ ሽጉጥ ሠራ እንጂ ተኩሶ አያውቅም። የተኩስ ፈቃድ እንኳ የለውም። አሁን ጣቢያ ውሰጂው። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእስር ትእዛዙን እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት የተሻለ ሰው ካመጣሽልኝ ደስ ይለኛል፤ አታመጪም እንጂ።”

“ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ብሬሻ እስር ቤት ከገባ በእግሩ አይወጣም።”

“ስለዚህ ፍጠኚ” አለና ዘጋው።

ኦርኔላ ሰዓቷን አየች። ሠላሳ ሰዓት አላት። ሲያጣድፏት ነበር ጭንቅላቷ በደንብ የሚሠራው፤ ቶኖሊን በክንዱ ይዛ እየጎተተች ወጣች።

*

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሎሪስ ነው። የኤርሜቴ የወንድም ልጅ፣ የፋብሪካው ሽያጭ ኃላፊ፣ ከአጎቱ ጋር ሁለት ዓመት ስቴላ ትቁም አትቁም እያለ ሲጨቃጨቅ የኖረ።

“እውነት ነው፣ እንድትቆም የፈለግሁት እኔ ነኝ” አለ ሎሪስ። “የጥንት ሽጉጥ የሚወድ ሰው ስቴላን አዲስ ናት ይላታል። አዲስ የሚወድ አሮጌ ናት ይላታል። ውድድር ላይ እንኳ ከጥንት ቅጂዎቹ ጋር አያሰልፏትም። ከሁለት ጎሣ ተወልዳ አንዱም የማይቀበላት ልጅ ናት። በዚያ ላይ ቅሬታው።” ከመሳቢያው አንድ ደብዳቤ አወጣ። “ይኸው፣ ከሐምቡርግ። ‘ሣጥኑ ውስጥ ያለው ኢላማና ሽጉጡ አይተዋወቁም’ ይላል።”

“ሰኞ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ የት ነበሩ?”

“ብሬሻ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ። አፌ ተከፍቶ።”

ሐኪሟ አረጋገጠች፤ ሁለት ጥርስ ነቅላለታለች።

ቀጥሎ ስዊሳዊው የሽጉጥ ሰብሳቢ ዞሊንገር መጣ። ሰኞ በዐሥር ሰዓት ፋብሪካ መጥቶ የመጨረሻዋን ስቴላ ሽጥልኝ ሲል ኤርሜቴ እምቢ ብሎት፣ በሩን በኃይል ዘግቶ መውጣቱን ጥበቃው ተናግሯል። ዞሊንገር ጥሩ ተኳሽ ነው። ቶኖሊ ሰውየውን ገና ሲያየው ዓይኑ በራ፤ ሰውየው በላሁበት ወዳለው ምግብ ቤት ደውሎ ሲመለስ ግን ተኮሳትሮ ነበር።

“አሥራ ሁለት ሩብ ላይ ገብቶ እስከ ሁለት ሰዓት ስፒየዶ ሲበላ ነበር፣ አለቃ። አምስት ሰዓት ሙሉ እሳት ላይ የዞረ ሥጋ ነው፤ ትቶት የወጣ ሰው ካለ አሳላፊው ራሱ ይገድለዋል። ደግሞ ፖሌንታው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ ቅቤ በዛበት ብሎ ተጨቃጭቋል። ምግብ ቤቱ ሙሉ ነው የመሰከረለት።”

“ፖሌንታ ላይ ቅቤ በዛ አለ?”

“ለዚህ ብቻ ማሰር አንችልም ወይ?”

*

ረቡዕ ጠዋት ኦርኔላ ሽጉጧን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ባቲስታ ወደተያዘበት ክፍል ገባች። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ የተሰጠውን ዳቦ አልነካውም።

“ይዩልኝ” አለችው። “ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቋታል። ማን ነው ያጠባት?”

“እኔ ነኝ አይደል የምትሉት?”

“እኔ ምንም አላልኩም። ያሽትቷት።”

ባቲስታ የከረጢቱን አፍ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ቀጥሎ የበርሜሉን አፍ አተኩሮ አየና ግንባሩ ተቋጠረ።

“ምን ጉድ ነው የቀባት?”

“ምን ነው?”

“የበግ ሞራ። ሰም አለበት፣ የበግ ሞራ አለበት።” ድምፁ የተቆጣ ሰው ሆነ። “እኛ ሣጥን የምትገባ ሽጉጥ በዘይት ነው የምንቀባት፤ ዓመት ትተኛለችና። ሞራ የሚቀባው ዛሬ አጥቦ ነገ የሚተኩስ ሰው ነው፤ ዘይትና ጥቁር ባሩድ ሲገናኙ ሬንጅ ይሆናሉ። ደግሞ እዪ፣ እነዚህ የባሩድ ማቀጣጠያ ጡቶች አልተፈቱም። ስድስቱም። እኔ ቤት እነዚህን ሳይፈታ ያጠበ ልጅ በኩርኩም ነው የሚሄደው።”

“ስለዚህ ሠራተኛ አይደለም።”

“ሠራተኛ አይደለም። ተኳሽ ነው። በሁለት ዙር መሀል ቶሎ ቶሎ ማጠብ የለመደ፣ ጎበዝ ተኳሽ።”

ኦርኔላ ተነሣች፤ መልሳ ቆመች። “ጎበዝ ተኳሽ ከሃያ አምስት ሜትር ሦስት ጊዜ እንጨት ይመታል?”

“አይመታም።”

“እሺ፣ እንዴት ነው?”

“ይኼማ ያንቺ ሥራ ነው፣ ልጄ። የኔን ነገርኩሽ።”

*

ፋብሪካው ውስጥ አንድ ጎበዝ ተኳሽ ብቻ ነው ያለው፤ ፋውስቶ ፔሊ። እያንዳንዷ ስቴላ ከፋብሪካ ከመውጣቷ በፊት እሱ ስድስት ጥይት ይተኩስባታል፤ ሁለት ወረቀት ደርቦ ይሰቅላል፤ አንዱ ወረቀት ፈርሞበት ከሽጉጧ ጋር ሣጥን ይገባል፣ ሌላው መዝገብ ቤት ይቀራል። አራት ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። አደባባዩ ላይ ባለው ቡና ቤት ቁጭ ብሎ አገኙት፤ ዋንጫ ታቅፎ የተነሣው ፎቶግራፉ ከባንኮኒው በላይ ተሰቅሏል።

“አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ፤ ሰዓት መመዝገቢያው ይመሰክራል” አለ ፋውስቶ። “ከዚያ የተኩስ ክበቡ ሄድኩ። እስከ አንድ ሰዓት በራሴ ስቴላ ተኮስኩ።”

“ያየዎት ሰው አለ?”

“ሰኞ ማንም የለም። የተኮስኩበትን ወረቀት ግን የክበቡ ሣጥን ውስጥ ከትቻለሁ።”

“የባቲስታ ነገር እንዴት ይታይዎታል?”

“ምስኪን።” ፋውስቶ ሲጋራውን ሊያራግፍ ወደ መተርኮሻው እጁን ሰደደ፤ አመዱ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። “እጁ ደክሟል። ሰው ያረጃል።”

ቶኖሊ የቃሉን ጽሑፍ እንዲያነብና እንዲፈርም ሰጠው። ፋውስቶ መነጽሬን ረስቻለሁ፣ አንብብልኝ አለ። ተነበበለትና ፈረመ።

የተኩስ ክበቡ ሊቀመንበር ዴልፊና ዙባኒ የምትባል፣ ሰባ ዓመት የሞላት፣ ድምፀ ሻካራ ሴትዮ ናት። በር ላይ ያለውን የእንጨት ሣጥን ከፍታ የፋውስቶን ወረቀት ሰጠቻቸው። ስድስት ቀዳዳ፣ ሁሉም ጥቁሩ ውስጥ፤ የሰኞ ቀን፤ ፊርማ።

“ይኼ ሣጥን እዚህ የተቀመጠው ለምንድን ነው?” አለ ቶኖሊ።

“የተኮሰ ሁሉ ወረቀቱን ይከታል። ሕጋችን ነው። ስንት ጊዜ እንደመጣ በዚያ እናውቃለን።”

“ከሌላ ቀን አምጥቶ ቢከትስ?”

ዴልፊና ቶኖሊን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። “አንተ ሸለቆ አልተወለድክም።”

“ክሬሞና ነኝ።”

“ይታያል። እዚህ ሰው ሚስቱን ሊዋሽ ይችላል፣ ቄሱን ሊዋሽ ይችላል። ኢላማው አይዋሽም። ደግሞ የእያንዳንዱ ተኳሽ ቀዳዳ እንደ እጅ ጽሑፉ ነው። እነዚህን ሦስቱን ወደ ግራ ዝቅ ብለው የተሰበሰቡትን አየሃቸው? ፋውስቶ ነው። በጨለማ ዳስሼ አውቀዋለሁ።”

መኪናው ውስጥ ገብተው ቶኖሊ ሞተሩን አላስነሣም።

“ጨረስን ማለት ነው። ተኳሽ ነው እንጂ ሠራተኛ አይደለም፤ ተኳሹ ደግሞ ክበብ ነበር። በዚያ ላይ ሻምፒዮን እንጨት አይመታም።”

ስምንት ሰዓት ሆኗል። ኦርኔላ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ይዛ ስድስቱን ቀዳዳዎች ታያለች። ሦስቱ ግራ፣ ዝቅ ብለው።

“የእጅ ጽሑፍ ከሆነ” አለች፣ “የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ይመሳከራል። ሌላ ሰው ተኩሶ የእሱን ስም ጽፎበት ሊሆን ይችላል። ፋብሪካ መዝገብ ቤት የእሱ ወረቀት ሞልቷል። ንዳ።”

*

የፋብሪካው ጸሐፊ አኜዜ መሳቢያውን ከፍታ የኢላማ ወረቀቶቹን ታቅፋ አመጣች። በሽጉጦቹ ቁጥር ቅደም ተከተል የተደረደሩ ናቸው።

“ኢላማውን ለክበቡም ለእኛም የሚያትመው አንድ ማተሚያ ቤት ነው” አለች። “ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው።”

ኦርኔላ ከላይ ያለውን፣ የቁጥር 9115ን ወረቀት አነሣችና ከክበቡ ወረቀት ሥር አድርጋ ሁለቱንም የመስኮቱ መስተዋት ላይ ለጠፈቻቸው። በግራ በኩል የተሰበሰቡትን ቀዳዳዎች ልታነጻጽር ነበር። አንድም ልዩነት አላገኘችም። የከሰዓቱ ፀሐይ በስድስቱም ቀዳዳ አልፎ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

“ቶኖሊ።”

“አቤት።”

“9114ን ስጠኝ።”

ጨመረችው። ስድስት ብርሃን።

“9113።”

ስድስት ብርሃን። “ሃያውን በአንዴ አምጣ፤ ጥግ ጥጉን አስተካክለህ።” ቶኖሊ ሃያ ወረቀት ደርቦ በሁለት እጁ መስተዋቱ ላይ ደገፈላት። ወረቀቱ ወፍሮ ጠቆረ፤ ስድስቱ ቀዳዳዎች ግን እንደ ስድስት ሻማ በርተው ቆሙ። ሃያ ጨመሩ። ሌላ ሃያ ጨመሩ። አኜዜ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

“አንድ ሰው” አለ ቶኖሊ፣ ድምፁ ቀንሶ፣ “በስልሳ የተለያየ ሽጉጥ ተኩሶ ስድስቱንም ጥይት ስልሳ ጊዜ አንዲት ቦታ ላይ አይመታም።”

“እግዜርም አይመታም። አንድ ቀን ተቀምጦ ክምር ወረቀት በአንዴ በስቷል። ከዚያ በየሽጉጡ አንዳንድ እየፈረመ ሰጥቷል። ቁጠር፣ ቶሎ ቁጠር።”

እስከ ቁጥር 8902 ድረስ ገጠሙ። ከዚያ በፊት ያሉት እያንዳንዳቸው የተለያዩ ናቸው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሽጉጥ፤ ሁለት ዓመት። በርሜሎቹ ከሌላ ቦታ መምጣት ከጀመሩ ጀምሮ አንዲት ስቴላ እንኳ ሳትተኮስ ነው ከዚህ ቤት የወጣችው። የጠመሙት በርሜሎች ማንም ሳያያቸው አልፈዋል። ከመንግሥት ፈተና ቤትማ ተፈትሸው ነው የመጡት፤ ግን ፈተና ቤት ሽጉጥ ይፈነዳ እንደሆን እንጂ ይስት እንደሆን አይፈትሽም።

ክበቡ የሰጣት ወረቀትም ከዚያው ክምር የተረፈ ነው። ፋውስቶ ሰኞ ክበብ አልነበረም።

“ኢንስፔክተር” አለች አኜዜ። “ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሲኞር ኤርሜቴ የዚህን መሳቢያ ቁልፍ ወሰዱ። ለመጨረሻዋ ስቴላ መታሰቢያ አልበም ሊሠሩ ነበር። ሻይ ይዤ ስገባ እዚሁ መስኮት ጋ ቆመው ነበር። እንደ እናንተ።”

“ምን አሉሽ?”

“ሻዩን ውሰጂው አሉኝ። ከዚያ ፋውስቶ ሲወጣ እንዳያመልጠኝ አሉ።”

ዘጠኝ ተኩል። ኦርኔላ ወረቀቶቹን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ወሸቀችና ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለች ወረደች።

*

ፋውስቶ ዋሻው ውስጥ ነበር፤ ፋብሪካው ሐዘን ላይ ስለሆነ የሚሞከር ነገር ባይኖርም የራሱን ብሩሾች እየሰበሰበ ነው። ኦርኔላ ከፊቱ ወረቀቶቹን ደርባ ከጠረጴዛው ጠርዝ አስወጥታ ይዛ፣ የመብራቱን አንገት ጠምዝዛ ከሥር አበራችባቸው። ስድስቱ ነጥቦች ጣሪያው ላይ ወጡ።

“ሁለት መቶ አሥራ አምስተኛው የክበቡ ነው” አለች።

ፋውስቶ ጣሪያውን ሲያይ ጭንቅላቱን እንደ ዶሮ ወደ ጎን አዘነበለ፣ በጠርዝ በጠርዙ የሚያይ ይመስል። ኦርኔላ ያኔ ገባት፤ የሲጋራው አመድ፣ የተረሳው መነጽር፣ የተቦጨቀው እንጨት በአንዴ ተሰለፉላት።

“የትኛው ዓይንዎ ነው?”

“ቀኙ። ግራውም እየተከተለው ነው።” የያዘውን ብሩሽ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። “መሀሉ ጠፋ። የማየው ነገር ሁሉ ዳር ዳሩ አለ፣ መሀሉ የለም። ኢላማው ላይ መሀሉ ከሌለ ምን ቀረ? ሐኪሙ አይመለስም አለኝ። አምስት መቶ ወረቀት በሳንቃ ጠፍሬ አሰርኩና ከሦስት እርምጃ ስድስት ጊዜ ተኮስኩበት። ለጥቂት ጊዜ ነው ብዬ ነበር።”

“ከዚያ ቅሬታው መጣ።”

“መጣ።”

“ባቲስታ ሲወቀስ አጠገቡ ቆመው ነበር።”

ቶኖሊ ከኋላ በሩን ይዞ ቆሟል።

“ኤርሜቴ ምን አለዎት?”

“በኋላ በር ተመለስና የመጨረሻዋን ፊቴ ተኩስ አለኝ። ወረቀት ሰቀለ። አምስት ተኮስኩ። ሁለቱ ወረቀቱን አገኙ፤ ሌሎቹን አላውቅም። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ሳቀ። ደስ ብሎት ነው የሳቀው። ‘ስቴላ ራሷ ምንም የላትም ማለት ነው፤ ያልተሞከረው በርሜል ነው ያሳታት’ አለ። ‘ነገ ጠዋት በሠላሳው ሰው ፊት ባቲስታን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በርሜሉን እንለውጣለን፣ ስቴላም ትቀጥላለች። ለገዢዎቹ ሁሉ እውነቱን እጽፋለሁ’ አለ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው በፊርማዬ እንደተታለለ። ከዚያ ፎቶግራፌ ቡና ቤቱ ውስጥ ምን ይሠራል?” እጁን በሱሪው ጠረገ። “አምስት ነበር የተኮስኩት። ከበሮው ላይ አንድ ቀርቶ ነበር።”

“ከሦስት እርምጃ።”

“ለዚያ ዓይን አያስፈልግም።”

“ለምን አጠቧት?” አለ ቶኖሊ። ጥያቄው ከአፉ ያመለጠ ይመስል ነበር።

ፋውስቶ ግራ ገብቶት ወደ ድምፁ ዞረ። “የመጨረሻዋ ናት እኮ። ሳትታጠብ ታድር?”

*

ኦርኔላ ለአሥራ አንድ ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ደወለች። ስካልቪኒ አሁንም እያላመጠ ነበር፤ ስትጨርስ ግን ማላመጡን አቁሟል።

“ጥሩ” አለ። “ሽማግሌውን ልቀቂው።”

ባቲስታን አስጠርታ የመልቀቂያውን ቅጽ ከፊቱ አኖረች። ሁሉንም ነገረችው፤ ዓይኑን፣ ክምሩን ወረቀት፣ ኤርሜቴ ሳይሞት በፊት ያለውን። ሽማግሌው ገዳዩ ማን እንደሆነ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ይቅርታው ሲሰማ ኮቱን ጭኑ ላይ አጥብቆ ያዘ።

“ስቴላስ?”

“ሎሪስ ነው ፋብሪካውን የሚወርሰው። ቆማለች፤ አትመለስም።”

“እንግዲህ ትቁም። ሰውም ይሞታል።” ቅጹን አነሣና ከዓይኑ አርቆ አነበበው። አንብቦ መልሶ አስቀመጠው። “ይኼ ‘ማስረጃ ስላልተገኘበት ተለቋል’ ነው የሚለው።”

“አዎ። ይፈርሙና ይሂዱ።”

“ስለ እጄ ምንም አይልም።”

“የመልቀቂያ ቅጽ ነው፣ ማስትሮ። ስለ እጅ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።”

“እንዲህ ከሆነ አልወጣም።” አግዳሚው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ከትናንት ጀምሮ ያልነካውን ዳቦ አነሣና ቆረሰ። “እስር ቤት ፈርቼ አይደለም ሁለት ዓመት ያልተኛሁት፤ በእጄ ምክንያት ነው። ሽጉጦቹ አልተሞከሩም ነበር፣ ገጣጣሚው አልተሳሳተም ብለሽ ጻፊ። ማኅተም አድርጊበት። ቡና ቤቱ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ አሁን ቦታ ይገኛል።”

“አለቃ፣ ሕጉ አይፈቅድም” አለ ቶኖሊ።

“አንተ ክሬሞና ነህ፣ ዝም በል” አለች ኦርኔላ። ወንበሯን ወደ ኮምፒዩተሩ ሳበችና መጻፍ ጀመረች። ሽማግሌው ዳቦውን እያላመጠ ጣቶቿን በዓይኑ ይከተላል።

“ስንት ሽጉጥ ነው ያልሽው?”

“ሁለት መቶ አሥራ አራት።”

“በፊደል ጻፊው” አለ ባቲስታ። “አኃዝ ይፋቃል።”